በሁለት መዝገብ የተጻፈ ልጅ

በ1934 ዓ.ም. የጃፓን ጋዜጦች ስለ አንድ ያልተለመደ ጋብቻ ብዙ ጻፉ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይወቅልን።) ሊያገቡ የታሰቡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመድ ልጅ አርአያ አበበ ሲሆኑ፥ እርሳቸውም በ1931 ዓ.ም. ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ወደ ጃፓን ሄደው የዚያን አገር ሕዝብ ዐይተው ነበር። የታጩትም ኩሮዳ ማሳኮ የሚባሉ የአንድ ጃፓናዊ መስፍን ልጅ ነበሩ። ነገሩ ግን ከሠርግ ሳይደርስ በዚያው ዓመት ቀረ፤ ለመቅረቱም የኢጣልያ ተቃውሞ ምክንያት እንደ ነበረ ይነገራል።

ስለ መንግሥታት ፖለቲካ ለመጻፍ አልተነሣንም። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ጋብቻው ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ሙሽራይቱ በወረቀት ላይ ማን ትባል ነበር? የሚለው ነው። በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው የጃፓን የዜግነት ሕግ፥ ባዕድ አግብታ የባሏን ዜግነት ያገኘችውን ሴት ከጃፓን ልጅነት ያወጣት ነበር። በ1930 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ኢትዮጵያዊ በሕግ ያገባትን የውጭ አገር ሴት ኢትዮጵያዊት ያደርጋት ነበር። እንግዲህ እርሷ ምንም ሳትናገር አንዱ መንግሥት ሲያስወጣት ሁለተኛው ያስገባት ነበር ማለት ነው። ከአባቷም ቤት መዝገብ ስሟ ይሰረዝ ነበር። በአዲሱ አገሯ ግን በተሰረዘው ፈንታ የምትጠራበት የቤት ስም ብትፈልግ አታገኝም፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስም የለምና።

የእኛዪቱም ልጅ ከዚህ የተሻለ ዕድል አልነበራትም። ያው የ1930ው ሕግ ባዕድ አግብታ የባሏን ዜግነት ያገኘችውን ኢትዮጵያዊት ኢትዮጵያዊነቷን ያስቀርባት ነበር። በባሕርና በቋንቋ የተለያዩ ሁለት ሕዝቦች፥ ሴት ባሏን ስትከተል አገሯን ጥላ ትሄዳለች በሚለው አሳብ ግን ተስማምተው ነበር። ዛሬ ይህ ሁሉ ተለውጧል። ጃፓን ሕጓን በ1950 ዓ.ም. ለወጠች፤ በእኛም አገር በ1995ቱ ሕገ መንግሥት 33ኛ አንቀጽ መሠረት፥ ወንድም ሆነ ሴት የውጭ አገር ሰው በማግባቱ ብቻ ኢትዮጵያዊነቱ አይቀርበትም። ሆኖም ጥያቄው ከሚስቲቱ ወደ ልጁ ተሻገረ እንጂ አልጠፋም።

የለመድነውን ነገር አስተውለን አናየውምና ስለ ራሳችን ስም አስቀድመን ጥቂት እንናገር። ሕፃን ሲወለድ የራሱ ስም ይሰጠዋል፤ ከዚያ የሚከተለው የአባቱ ስም ነው፥ ቀጥሎም የአያቱ። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚያወጣቸው የለም፥ ከትውልድ ጋር የሚመጡ ናቸውና። ሴት ልጅ ስታገባ ወይዘሮ ትባላለች እንጂ የአባቷን ስም አትተውም። አማቷ የፍቅር ስም ታወጣላት ይሆናል፤ ያ ግን በቤት ውስጥ የሚቀር ነው። ሽማግሌዎች ጋብቻ ሲጠየቁ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት የሚቈጥሩት በእነዚሁ ስሞች ነው፤ ስለዚህ መዝገባችን በአፍ የሚያዝ መዝገብ ነበር ለማለት እንችላለን። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሰው ሁሉ የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ያው ሕግ ስለ ልደትና ስለ ጋብቻ መዝገብ የደነገገውም ሥራ ላይ ሳይውል ብዙ ዘመን ቈየ፤ ምዝገባው በአገሩ ሁሉ የተጀመረው በ2012 የወጣውን ዐዋጅ ተከትሎ በ2016 ዓ.ም. ነው።

በጃፓን ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው። በ1871 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ሕዝቡ ሁሉ በየቤቱ ተመዘገበ፤ በ1875 ዓ.ም. ደግሞ ተራው ገበሬ ሳይቀር የቤተ ሰብ ስም እንዲይዝ ታዘዘ። ኮሴኪ የሚባለው ይህ መዝገብ እስከ ዛሬ ድረስ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሻሻለው ሥርዐት በአንድ ኮሴኪ ውስጥ የሚጻፉት በአንድ ስም የሚጠሩ ባልና ሚስት ካላገቡት ልጆቻቸው ጋር ናቸው። ልደት፥ ጋብቻ፥ ፍቺ፥ ጕዲፈቻ፥ ሞትም በዚያ ይጻፋል፤ የፓስፖርት ስም የሚገኘውም ከዚያው ነው። ሁለት ጃፓናውያን ሲጋቡ ከሁለቱ ስሞች አንዱን የጋራ ማድረግ ግዴታቸው ነው፤ ከ100 ጥንዶች ከ90 የሚበልጡት የባልን ስም ይይዛሉ። ይህ ግዴታ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም ሲል ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ2015 እና በ2021 ዓ.ም. ወስኗል።

ባዕድ ያገባ ጃፓናዊ ግን በዚህ ግዴታ አይያዝም። የውጭ አገር ሰው ኮሴኪ የለውምና፥ በሚስቱም ኮሴኪ ውስጥ እንደ አባል አይገባም። በእርሷ ስም ሥር እከሌ የሚባል የዚህ አገር ሰው አግብታለች ተብሎ ይጻፋል፤ በልጁም ስም ሥር አባት ተብሎ ይጠቀሳል፤ ከዚህ በቀር በገጹ ላይ ቦታ የለውም። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስማ የሰፈሩ የነዋሪዎች መዝገብ እንኳ የውጭ አገር ሰዎችን ከጃፓናውያን ጋር በአንድ ቤት አይቈጥርም ነበር። ስለዚህ አባት ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር እራት በሚበላበት ቤት ወረቀቱ ሲታይ እናትና ልጆች ብቻቸውን ያሉ ይመስል ነበር።

አሁን አንድ ቤት በአሳባችን እንሥራ። ባል በቀለ ይባል፤ አባቱ ደምሴ፥ አያቱ ወርቁ ይሁኑ። ሚስቱ ታናካ ከሚባል ቤት የተወለደች ጃፓናዊት ትሁን። በባል ፓስፖርት ላይ የቤተ ሰብ ስም በሚጻፍበት ቦታ፥ እንደ ብዙዎቻችን፥ የአያቱ ስም ወርቁ ገብቷል። ሴት ልጅ ወለዱና ሣራ አሏት። በእኛ ሥርዐት ሣራ በቀለ ደምሴ ናት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢወጣላት በዚያው ቦታ ደምሴ ይገባል። በጃፓን መዝገብ ግን በእናቷ ስም ታናካ ሣራ ተብላ ትጻፋለች። በአንድ ገበታ የሚቀመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በወረቀታቸው ላይ ያለው የቤተ ሰብ ስም ግን ወርቁ፥ ታናካና ደምሴ ነው፤ ታናሺቱም ሁለቱን ትይዛለች። አባት ልጁን ይዞ ድንበር ሲሻገር ሹሙ ወረቀቶቹን አስተያይቶ፥ ይህች ልጅ የማን ናት? ብሎ ቢጠይቅ ልንቈጣው አይገባንም። ሕፃናትን የሚሰርቁ ሰዎች በዓለም ላይ አሉና፥ ጥያቄው ለልጅቱ ጥበቃ ነው። ይሁን እንጂ አባቷ የማን እንደ ሆነች ሲጠየቅ እጁን ይዛ ቆማ የምትሰማ የስድስት ዓመት ልጅ በልቧ ምን ታስብ ይሆን?

የጃፓን ሕግ ለሚስቲቱ አንድ መንገድ ትቶላታል። ካገባች በስድስት ወር ውስጥ ብታስታውቅ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የባሏን የቤተ ሰብ ስም መያዝ ትችላለች፤ ስድስቱ ወር ካለፈ ግን የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋታል። ነገር ግን የትኛውን ትያዝ? ወርቁን ብትይዝ ለጃፓኑ ሹም መልካም ነው፤ በእኛ ጆሮ ግን የአቶ ወርቁ ልጅ፥ እንግዲህም የባሏ አክስት ሆነች ማለት ነው። ደምሴን ብትይዝ ደግሞ እኅቱ ትሆናለች። አብርሃም ወደ ግብፅ በወረደ ጊዜ ሚስቱን እኅቴ ናት ያለው ለነፍሱ ፈርቶ ነው፤ ይህ ባል ግን ማንንም ሳይፈራ ፎርም በመሙላት ብቻ ከዚያው ይደርሳል። ሌላም መንገድ አለ፤ ስሟን ሳትለውጥ የባሏ ስም በፓስፖርቷ ላይ በቅንፍ እንዲገባላት ማመልከት ትችላለች። በቅንፍ ያለው ስም ግን መሣሪያ በሚያነበው መሥመር ውስጥ አይገባምና፥ ሰው ቢያየውም መሣሪያው አያውቀውም።

አንዳንድ ወንድሞች፥ ለአንድ ሰው ሁለት ስም መያዝ ሐሰት አይደለምን? ብለው ይጠይቃሉ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። እኛ እንደሚመስለን ስም ለጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። የማን ልጅ ነሽ? ሲሏት የበቀለ ልጅ ነኝ ማለቷ እውነት ነው፤ በየትኛው ቤት መዝገብ ተጽፈሻል? ሲሏት በታናካ ቤት ማለቷም እውነት ነው። ሁለት ጥያቄዎች ሁለት መልሶች ቢያገኙ ሐሰት አልተነገረም። ሐሰት የሚሆነው ሰው በአንዱ ስም ተሸሽጎ በሁለተኛው ስም የተበደረውን ዕዳ፥ ያፈረሰውን ትዳር፥ የተወውን ልጅ ሲክድ ነው። ደግሞም ከዚህ ያነሰ የሚመስል ሌላ ሐሰት አለ፤ በመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው ነገሩን ለማሳጠር ሲል ዛሬ የአባቱን ስም፥ ነገ የአያቱን ስም፥ ከነገ ወዲያ ለጸሐፊው ጆሮ የሚቀለውን ስም ይጽፋል። ክፉ አሳብ የለውም፤ የደከመው ሰው ነው። የነገው ጸሐፊ ግን የትናንቱን ወረቀት ከዛሬው ጋር ያስተያየዋል፤ ስሙም ካልገጠመ ሰውየው በሠራው ሳይሆን ባልሠራው ነገር ይጠረጠራል። ለቪዛ፥ ለርስት፥ ለጡረታ ስንት ወንድሞቻችን አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ምስክር ሲፈልጉ ዐይተናል።

ክርክሩ በቤት ውስጥም ይነሣል። ባል፥ ልጄ በእኔ ስም ይጠራ፥ የአባቴ ዘር አይጥፋ ይላል፤ ሚስት፥ በአገሬ የሚኖር ልጅ የአገሬን ስም ይያዝ ትላለች። ሁለቱም ስለ ልጁ የሚከራከሩ ይመስላቸዋል፤ ነገሩን አጥብቀን ብንመረምረው ግን ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ገዛ ክብራቸው ነው። ክርክሩ በተነሣበት ጊዜ ያልተጠየቀው፥ ሊጠየቅም የማይችለው፥ በስሙ ሲጠራ የሚኖረው ልጅ ነው። በወላጆቹ ትዕቢት የተመረጠውን ስም በትምህርት ቤት፥ በሐኪም ቤት፥ በድንበር ሲያስረዳ የሚኖረው እርሱ ነው።

በጉባኤዎቻችን የምናየው ትልቁ ስሕተት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይኸውም ወረቀትን መናቅ ነው። እግዚአብሔር ያውቀናል፥ መዝገብ ምን ይረባናል? የሚል ቃል መንፈሳዊ ይመስላል። እስቲ ሣራ በአዲስ አበባ ተወለደች እንበል። ከኢትዮጵያዊ አባት ስለ ተወለደች የአባቷን ዜግነት ታገኛለች፤ እናቷም ጃፓናዊት ስለ ሆነች በሕጉ የእናቷንም ታገኛለች። (ይህን እንኳ የጃፓን ሕግ የፈቀደው ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ልጅ ጃፓናዊ የሚሆነው በአባቱ ነበር።) ነገር ግን ከጃፓን ውጭ ተወልዶ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ፥ ወላጆቹ በተወለደ በሦስት ወር ውስጥ ልደቱን አስታውቀው የጃፓን ዜግነቱ ይጠበቅለት ዘንድ ካልጠየቁ፥ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ጃፓናዊ እንዳልነበረ ይቈጠራል። ሦስት ወር ማለት ክርስትናው ሳይደርስ፥ እናት ከወሊድ ሳትበረታ፥ ዘመድ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ሳይጨርስ የሚያልፍ ጊዜ ነው። በኋላ የሚመለስበት መንገድ አለ፤ ዕድሜው 18 ሳይሞላ በጃፓን አገር መኖሪያ ይዞ ማመልከት ይችላል። በአዲስ አበባ ለሚያድግ ልጅ ግን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወረቀትን የናቀው አባት ነው፤ የእናቱን አገር ያጣው ግን ልጁ ነው።

ቦዔዝ ሩትን ለማግባት ባሰበ ጊዜ የሚወዳት መሆኑ በቂ ነው ብሎ በቤቱ አልተቀመጠም። በማለዳ ወደ ከተማው በር ወጣ፥ ዐሥር ሽማግሌዎችን አስቀመጠ፥ ቅድሚያ ያለውን ዘመድ በምስክር ፊት ጠየቀ፥ ነገሩንም በአገሩ ልማድ መሠረት አጸና። ሴቲቱ ሞዓባዊት ነበረች፤ እርሱ ይህን ሁሉ ባያደርግ ኖሮ የሚወለደው ልጅ በማን ስም እንደሚቈም ማን በመሰከረለት? የከተማው በር የዚያ ዘመን የመዝገብ ቤት ነበረ።

ልጅቱ ስታድግ ደግሞ ሌላ ቀን ይጠብቃታል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ዐዋጅ ሁለት ዜግነት መያዝን አይፈቅድም፤ ከባዕድ ወላጅ የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደ መረጠ ካላስታወቀ በፈቃዱ እንደ ተወው ይቈጠራል። የጃፓንም ሕግ ሁለት ዜግነት ይዞ የተወለደ ልጅ 20 ዓመት ሳይሞላው እንዲመርጥ ይጠይቃል። ከአባትህና ከእናትህ ማንን ትመርጣለህ ብሎ ልጅን መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሁለት መንግሥታት ግን ይህንኑ የሚመስል ጥያቄ በአንድ ወጣት ላይ በአንድ ወቅት ያቀርባሉ። መንግሥት እንዲህ የማድረግ ሥልጣን እንዳለው አንክድም፤ ስለ ጦር አገልግሎት፥ ስለ ምርጫ፥ ስለ ጥበቃም የራሱ ምክንያት አለው። የምንለው ወላጆች ልጃቸው ያን ቀን በድንገት እንዳያገኘው አስቀድመው ይንገሩት ነው። የመረጠውም ምርጫ አንዱን ወላጅ እንደ መካድ እንዳይቈጠርበት። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ባወጣችው ዐዋጅ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ መስጠቷ ሸክሙን በመጠኑ አቅልሎታል።

የትውልድ መዝገብ ነገር ሲነሣ በዕዝራ መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፍ የተጻፉትን ሰዎች ሳናስብ አናልፍም። ሕዝቡ ከምርኮ በተመለሰ ጊዜ የየቤቱ ቍጥር ሲጻፍ፥ ከካህናት ወገን የሆኑ አንዳንዶች የትውልዳቸውን መጽሐፍ ፈልገው አላገኙምና ከክህነት ተለዩ። ከእነርሱም መካከል የቤርዜሊ ልጆች ነበሩ፤ የእነዚህ አባት ከገለዓዳዊው ከቤርዜሊ ልጆች አንዲቱን አግብቶ በሚስቱ ቤት ስም ተጠርቶ ነበር። ሰውየው ያን ስም ለምን እንደ ወሰደ መጽሐፉ አይነግረንም። ለፍቅር ይሁን ለርስት፥ በሠርጉ ቀን ግን ለማንም ጕዳት አልታየውም ይሆናል። ዋጋውን የከፈሉት ከብዙ ትውልድ በኋላ የተወለዱ፥ ያን ሠርግ ያላዩ ልጆች ናቸው። ደግሞም እናስተውል፤ አገረ ገዥው ለዘላለም ውጡ አላላቸውም፥ የሚፈርድ ካህን እስኪነሣ ድረስ ቈዩ አላቸው እንጂ። መዝገብ የማያውቀው ሰው ሁሉ እንግዳ እንዳይደለ እርሱም ያውቅ ነበር።

በዚህ ምክንያት ሕግ አውጪዎችን ከነቀፋ ነጻ አናደርጋቸውም። ልጆቹን የሚያሳድገውን አባት በሚስቱ ስም ሥር እንደ ማስታወሻ የሚጽፍ መዝገብ፥ ማንንም ለማዋረድ የተሠራ ባይሆንም፥ ያዋርዳል። ሕግም ሊታረም እንደሚችል ዐይተናል። ብዙ የአገራችን ልጆች ባሉባት በጀርመን፥ ባልና ሚስት በስም ካልተስማሙ የባል ስም የጋራ ስም ይሆናል የሚል ደንብ ነበረ፤ በ1991 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሻረው። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮም እንደ እኛ የቤተ ሰብ ስም ከሌላቸው ሕዝቦች መጥቶ በጀርመን ሕግ ሥር የገባ ሰው፥ ከስሞቹ የትኛው የቤተ ሰብ ስሙ እንደሚሆን ራሱ እንዲያስታውቅ ተፈቅዶለታል። ምርጫው ለሰውየው መሰጠቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ያን ቀን ባልና ሚስት ተማክረው ቢመጡ ይሻላል፤ ከጸሐፊው ፊት ቆሞ ከአባትና ከአያት አንዱን መምረጥ የችኰላ ሥራ አይደለምና፥ አንድ ጊዜ የተጻፈውም በቀላሉ አይለወጥም።

ይህ ነገር በሩቅ አገር ያለ ይመስል እንዳይሆን አንድ ነገር ጨምረን እናቆማለን። የልደት ምዝገባ ሳይስፋፋ በነበረበት ዘመን፥ የተወለደበትን ቀን ለማስረዳት ብዙ ሰው ይዞት የሚሄደው የጥምቀት ምስክር ወረቀት ነበረ፤ ዛሬም በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ይህንኑ ሲጠይቁ ደብዳቤ ይደርሰናል። መዝገቡን ስንገልጠው የአባት ስም አለ፥ የእናት ስም ግን አንዳንድ ጊዜ የለም፤ አንዳንድ ጊዜም የእናት ስም ብቻውን፥ ያለ አባቷ ስም ተጽፏል። ስሙ በላቲን ፊደል ሲገለበጥ በየጸሐፊው እጅ በልዩ ልዩ ፊደል ይወጣል። ስለዚህ መዝገብ የምትይዙ ሽማግሌዎችና ወንጌላውያን፥ ባዕድ ካገቡ ቤተ ሰብ የመጣ ሕፃን ለጥምቀት ሲቀርብላችሁ፥ የእናትንና የአባትን ፓስፖርት ጠይቁ፤ የሁለቱንም ስም እስከ አያት ድረስ፥ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ፤ ልጁም በሁለት አገር በሁለት ስም የሚጠራ ከሆነ ሁለቱን ስሞች በአንድ መሥመር ላይ አስፍሩ።